ጠንካራው አሞርዛተር

ቢያድግልኝ ቀይዋን መኪና የወደዳት ከሚስቱ አስቀድሞ ነው። ይህን አያልነሽ ራሷ እየሳቀች ትናገራለች። መኪናዋ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ ያላለች፣ በዕድሜዋ ከብዙዎቹ የመሐል ሜዳ ከተማ ወጣቶች የምትበልጥ የጃፓን ስፖርት መኪና ናት። ደብረ ብርሃን ይሠራ የነበረ አንድ ሐኪም አገር ለቆ ሲሄድ ሸጠለት። ኮረኮንች ለሚበዛበት አገር እንዲህ ያለች መኪና መግዛት በቆላ በርኖስ እንደ መደረብ ነው ብለው የሳቁበት ብዙ ነበሩ። እሱ ግን ገበያው ዳር ያለችውን የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫውን እሑድ እሑድ ዘግቶ፣ አጥቧትና ወልውሏት፣ ወደ ሞላሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሲለቃት የሳቁትም ሰዎች ቆመው ያዩት ነበር። ይህም ልቡን አሳበጠው፤ ሰው መቼም ቆሞ የሚያየው ሲያገኝ አያድርስ ነው።

አባቱ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ግሼ ውስጥ በአንድ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፈች በኋላ ቢያድግልኝ ወደ መሐል ሜዳ አምጥቶ ከቤቱ አስቀመጣቸው። ቀድሞ ከበቅሎ ወድቀው ወገባቸው ተጎድቷል፤ ብርድ ሲሆን ይነሣባቸዋል፤ መንዝ ደግሞ ብርድ የማይሆንበት ቀን መች አለና። ምንም ነገር አምጡልኝ የማይሉ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሳት እየሞቁ፣ "የኅዳር ሚካኤልን ከደብሬ ባከብር ደስ ይለኝ ነበር። ቆሜ ባላዜም እንኳ ተቀምጬ ልጆቼን ልስማቸው" አሉ። ልጆቼ የሚሏቸው ተማሪዎቻቸውን ነው። ቢያድግልኝም "ይህቺማ ምን አላት አባባ፣ በእኔ መኪና እወስድዎታለሁ" ብሎ ቃል ገባ።

ችግሩ፣ የመንገዱን ንጠት የሚያበርዱት የመኪናዋ አሞርዛተሮች በዚያው ክረምት ሞተው ነበር። አፍንጫዋን ሲጫኗት እንደ ሌማት ክዳን ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ትንሽ ጠጠር ስትረግጥ ጥርስ ታንቀጫቅጫለች፤ ከፊት ጎማዋ ጀርባ ዘይት ይንጠባጠባል። መካኒኩ "አራቱንም ካልቀየርክ ግሼን በሕልምህ ነው የምታያት" አለው።

እናም መስከረም ላይ፣ መሪጌታ ዓይናቸውን ሊታዩ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ሲወርዱ፣ ቢያድግልኝ አብሯቸው ሄደ። ከሐኪም ቤት መልስ ይዟቸው ወደ ጠጄ መለዋወጫ ሱቅ ጎራ አለ። ጠጄ ጠና ያለች፣ ነገር የማታለባብስ ነጋዴ ናት። ለመሪጌታ በርጩማ ሰጠቻቸውና ሁለት ዓይነት አሞርዛተር አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረች።

"ይኼ የራሷ ነው" አለች አንዱን እየዳበሰች። "ጠንካራ ነው። አስፋልት ላይ መሬት ቆንጥጣ ትይዛለች፣ ስትታጠፍ አታዘነብልም። ይኼኛው ደግሞ የቤት መኪና ነው፤ ልክ ይሆናታል፣ ትንሽም ከፍ ያደርጋታል። ለስላሳ ስለሆነ ጉድጓዱን ይውጥልሃል። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ስፖርትነቷ ይቀራል፤ እንደ ማንኛዋም መኪና ትሆናለች።"

"እንደ ማንኛዋም" የሚለው ቃል ቢያድግልኝን ልቡ ላይ ወጋው።

"መንገድህ ምን ዓይነት ነው?" አለችው።

"አስፋልትም አለ፣ ኮረኮንችም አለ።"

"አብዝቶ የሚቀመጥባትስ ማን ነው?"

"እኔ" አለ፣ ሳያመነታ።

ጠጄ ዞር ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው። መሪጌታ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በአንድ ጎናቸው ጋደል ብለው ነበር የተቀመጡት። "አባቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"እኔ የበቅሎ እንጂ የመኪና ነገር አላውቅም ልጄ" አሉ። "ባለቤቱ ደስ ያለውን ይውሰድ።"

ጠጄ ለስላሳውን ወደ ቢያድግልኝ ገፋ አደረገችው። "ለእሳቸው ይኼ ይሻል ነበር።"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ቢያድግልኝ ያበላሸው። ሳቅ ብሎ፣ ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙለት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አባባን አታውቂያቸውም! የግሼ ሰው ናቸው እኮ። ገደሉን በበቅሎ ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ናቸው፤ መንገድ አይበግራቸውም" አለ። ገበያተኞቹ "ወንድ!" እያሉ አደነቁ። መሪጌታም ፈገግ አሉ። በእኛ አገር ሽማግሌን በሰው ፊት ጠንካራ ነው ብሎ ማመስገን አፉን መሸበብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንዴት ብሎ አመመኝ ይላል? ቢያድግልኝ አባቱን ያከበረ መሰለው፤ ጠንካራውን አሸክሞ ወጣ።

ከተገጠመላት በኋላ መሪጌታን አስቀምጦ በመሐል ሜዳ ዙሪያ አንሸራሸራቸው። መኪናዋ እንደ ልጅነቷ ሆነችለት። በደስታ "እንዴት ናት አባባ? ተመቸዎት?" አለ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ።

ቢያድግልኝ ይህን መልስ ብሎ ያዘው። የመንዝ ሰው እግሩ ተሰብሮ ወድቆ እንኳ እንዴት ነህ ቢሉት እግዚአብሔር ይመስገን እንደሚል፣ እሱ ራሱ ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳለ፣ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለውም። የወደደ ሰው የሚሰማው የፈለገውን ነው።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ዕለት በጠዋት ተነሡ። መሪጌታ በርኖሳቸውን ደርበው፣ የሱፍ ባናቸውን አራት ላይ አጥፈው ወንበሩ ላይ አነጠፉና ተቀመጡበት።

"ምነው አባባ፣ ጣሪያው ይነካዎታል እኮ።"

"ብርዱ ነው" አሉ።

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ጠንካራው አሞርዛተር ሥራውን ጀመረ። ድንጋዩን አንድ በአንድ እየቆጠረ ለወንበሩ ያስረክባል። ቢያድግልኝ ግን መሪውን ይዞ ስለ መኪናው ይናገር ነበር፤ ኩርባ ላይ እንዴት እንደማታዘነብል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ እንዴት ቀጥ እንደምትል። መሪጌታ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ ጨብጠው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተቀምጠዋል። ጸሎት ላይ ናቸው ብሎ አሰበ። እርግጥ ጸሎት ላይ ነበሩ፤ የሚጸልዩት መንገዱ እንዲያጥር ይሁን ሌላ፣ እሱን ፈጣሪ ያውቃል።

የግሼ ተራሮች ከሚታዩበት ከፍታ ላይ ሲደርሱ "ቢያድግልኝ፣ አቁም እስቲ" አሉ።

አቆመ።

"ዳዊቴን ረስቼ መጣሁ።"

"ዳዊት እዚያ ይጠፋል እንዴ አባባ?"

"ያለ ዳዊቴ ሚካኤል ደጅ አልቆምም። እንመለስ።"

ቢያድግልኝ ተናደደ። ሲነሡ የቀረ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ከተመለሱ ለዋዜማው እንደማይደርሱም ነገራቸው፤ "ይቅርልኛ" አሉ። መኪናዋን አዙሮ፣ እያጉረመረመ፣ ከመጣበትም ፍጥነት ጨምሮ ነዳ። ይህን ፍጥነት ኋላ ባስታወሰው ቁጥር ፊቱን በእጁ ይሸፍናል።

ቤት ሲደርሱ መሪጌታ ከመኪናዋ መውጣት አቃታቸው። እሱና አያልነሽ በብብታቸው ገብተው አወጧቸው። አያልነሽ ወገባቸውን በቅቤ ልታሽላቸው ወደ ጓዳ አስገባቻቸው። ጥቂት ቆይታ ወጣችና ባሏን ወደ ደጅ ጠራችው።

"ዳዊታቸውን ረሱ አላልክም?"

"አዎ፣ ምነው?"

"አልረሱም። ከነማኅደሩ አንገታቸው ላይ ነው፤ ከበርኖሱ ሥር።"

ቢያድግልኝ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። አንድ ተማሪ ቀለም ሳያጠና ቀርቶ አሞኝ ነበር ብሎ ቢዋሽ ዓመት የሚቀየሙት አባቱ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሐሰት ከአፋቸው ያልወጣ አባቱ፣ በዋዜማው ቀን ዋሹ። የዋሹትም ልጃቸው በመኪናው እንዳያፍር ነው። አፈረም፣ አዘነም፤ ከሁሉ የባሰው ግን ይቅርታ መጠየቂያ ማጣቱ ነበር። አውቄያለሁ ካላቸው አባቱን ውሸታም ማለት ይሆናል። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ነገሩን ሳያነሡት ቀሩ።

ክርስቶስ ተወለደ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙ ገብቶ ወጣ። መሪጌታ ከአልጋ እስከ ደጅ በምርኩዝ ብቻ የሚሄዱ ሆኑ። ግንቦት ላይ ቢያድግልኝ ለብቻው ጠጄ ዘንድ ወረደ።

"ያንን ለስላሳውን ስጪኝ።"

"ምነው፣ ጠንካራው ከዳህ?"

"አልከዳኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖብኝ ነው" አላት። ጠጄ አልሳቀችም።

ለስላሳው ሲገጠምላት ቀይዋ መኪና እንደተባለው ሆነች። ኩርባ ላይ እንደ ጠጪ ትንገዳገዳለች፤ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና ብሏል። የሞላሌን አስፋልት ከእንግዲህ እንደ ድሮው አትበርበትም። ቢያድግልኝ ይህን ሲያይ ደንታም አልሰጠው፤ ሰው እንዴት ይለወጣል እናንተ!

የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ መሪጌታን አቅፎ አስገባቸው። ባናዋን አሁንም አራት ላይ አጥፎ፣ ይህን ጊዜ ራሱ አነጠፈላቸው። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር አገሩ ጨፍግጓል። ኮረኮንቹ ሲመጣ መኪናዋ ጉድጓዱን እንደ ጠጄ ቃል ዋጠችው፤ ድንጋዩ መኖሩን ጆሮ እንጂ ወንበር አይሰማውም።

"እንዴት ናት አባባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አልጋ ማለት ናት።"

ቢያድግልኝ አሁን የአባቱን አፍ አላመነም፤ እጃቸውን አየ። ያንኑ መያዣ ጨብጠዋል፤ የጣታቸው አንጓ ነጥቷል። ግንባራቸው በዚያ ብርድ ላብ አውጥቷል። ጥፋቱ የአሞርዛተሩ አልነበረም። ኅዳር ላይ ይህን ለስላሳ ቢያገኝ ኖሮ ግሼ ይደርስ የነበረው ወገብ ሰኔ ላይ የለም፤ ምንም ዓይነት ልስላሴ አይመልሰውም። የገዛው ነገር ከሰባት ወር በፊት የሚያስፈልግ ነበር።

ተራሮቹ ከሚታዩበት ከፍታ ሳይደርስ አቆመ።

"ምነው?" አሉ መሪጌታ።

"የረሳሁት ነገር አለ፤ እንመለስ።"

"ምን ረሳህ?"

"ዳዊቴን" አለ።

ቢያድግልኝ ዳዊት የለውም። በልጅነቱ ሳይጨርሰው የአስኳላ ትምህርት ይሻለኛል ብሎ ከአባቱ ጉባኤ ጠፍቶ የሄደ ነው። መሪጌታ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዙረው ብዙ አዩት። ከዚያ እጃቸው መያዣውን ለቀቀ። በርኖሳቸውን ገለጥ አደረጉና ዳዊታቸውን ከነማኅደሩ ከአንገታቸው አውልቀው ጉልበቱ ላይ አኖሩለት።

"እንግዲያስ የእኔን ያዝ" አሉ። "እኔ ወዲያ መሄዴ ቀርቷል።"

ቢያድግልኝን እንባው ቀደመው። መኪናዋን አዙሮ ሊነሣ ሲል አባቱ ክንዱን ያዙት።

"ቀስ ብለህ ንዳ ልጄ" አሉ። "ወገቤን ያመኛል።"

ይህቺን ቃል ጠጄ ሱቅ ውስጥ፣ ገበያተኛው ሳይሰማ፣ ጎንበስ ብሎ ቢጠይቃቸው ኖሮ ያን ጊዜ ይነግሩት ነበር። በአንደኛ ማርሽ እያዘገመ ወደ መሐል ሜዳ ነዳ።