ሐሙስና ቅዳሜ የሚመጣው ዛር

ሐምሌ ሲገባደድ የፎገራን ሜዳ ውኃ ይተኛበትና ሰማይና ምድር ቦታ ይለዋወጣሉ። በቁሐር ሚካኤል ቀበሌ፣ ገበሬዋ ዙፋን ጎንበስ ብላ ሩዟን ስታርም፣ አረሙን ከደመና ውስጥ የምትነቅለው ይመስላታል። ደመናው በእግሯ ሥር ይሄዳል፤ እሷም አብራው ትሄዳለች። ማቅለሽለሹ ባይኖርበት ደስ የሚል ሕልም ነበር።

“አንቺ ልጅ፣” አለቻት ጎረቤቷ እማዋይሽ፣ “ሐሙስና ቅዳሜን እየጠበቀ የሚያዞር ዛር አለብሽ እንዴ?”

ዙፋን ፈገግ ብላ ማረሟን ቀጠለች። አምና ልጇን ያየህን ስትወልድ ጎርፉ መንገዱን ውጦት ወደ ሐኪም ቤት በታንኳ ነበር የወሰዷት። ደሟ ሲፈስ፣ ከላይም ከታችም ሰማይ ብቻ ይታያት ነበር። ሐኪሞቹ ቶሎ ደግማ እንዳታረግዝ አስጠንቅቀው ሸኟት። የሐዋርያት ጾም በተፈታ ማግሥት የወሊድ መከላከያ ክኒን የጀመረችው ለዚህ ነው። አሁን ግን የሚያቅለሸልሻት ክኒኑ ይሁን ጽንስ፣ አላወቀችም።

ሰኞ እማዋይሽ ጎትታ ወረታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ባሏ ውበቱ ልጁን ታቅፎ ቀረ፤ ሲሸኛትም “ታንኳው ላይ የተኛሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ምረጪ” ብሏታል።

ነርሷ ሲስተር መሠረት ክኒኑን መቼ መቼ እንደምትውጥ ጠየቀቻት።

“ጠዋት ጠዋት። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ይቀራል። ሐሙስና ቅዳሜ ሁለት ሁለት አድርጌ አካክሰዋለሁ።”

“ይኸው ዛሩ ተገኘ፣” አለች እማዋይሽ ቀስ ብላ።

መሠረት ሳቋን ዋጠች። “የፍልሰታን አሥራ አምስት ቀንስ ምን ልታደርጊው ነበር?”

“እሱን እያሰብኩ ነበር።”

ሽንቷን ሰጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በመስኮቱ ዝናብ ይታያል፤ ወንበሩ ከሥሯ እንደ ታንኳ የሚወዛወዝ መሰላት። መሠረት ተመልሳ ጽንስ እንደሌለ ስትነግራት ነው ወንበሩ መሬት የነካው።

ከዚያ ምርጫው መጣ። ክኒኑን ሳያቋርጡ ማታ ከእራት በኋላ መዋጥ ይቻላል፤ ያኔ ማቅለሽለሹም ሊቀንስ ይችላል። ዙፋን ግን ክኒኑን ዳግም ማየት አልፈለገችም። የሦስት ወሩ መርፌም ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም የወር አበባን ቀን ሊያዛቡ እንደሚችሉ ሰማች። ሉፑ ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጥ ነው፤ እንደ ክኒኑ ሆርሞን የለውም፣ በየቀኑ አስታውሱኝም አይልም። የወር አበባን ቀን እምብዛም ባያዛባም፣ መጀመሪያ ላይ ደሙና ቁርጠቱ ሊበረቱ ይችላሉ።

ዙፋን በሐሳቧ የሚካኤልን በር አየችው፤ በወር አበባዋ ቀን ከውጭ ቆማ የምትሳለመውን።

“ቢበረታም ቀኑን የሚያውቅ ይሻለኛል፣” አለች። “ከቤተ ክርስቲያን የምቀርበትን ቀን አውቄ ልቅር።”

መሠረት መርምራት፣ የደሟን መጠን አይታ፣ ሉፑን አስገባችላት። ደሙ ከበረታባት እንድትመለስ፣ ካልተስማማትም እንደሚወጣላት ነገረቻት።

በሳምንቱ ሐሙስ ማሳው እንደ ወትሮው ሰማይ ሆኖ ተዘርግቷል። እማዋይሽ ቀና ብላ “ዛርሽ ዛሬ ቀረ?” አለቻት።

“ጾም ይዞ ይሆናል።”

ሆዷን ትንሽ ቆረጣት፤ ደመናው በእግሯ ሥር መጣ፣ አለፈ፤ ዙፋን አብራው አልሄደችም።