ጀንፈል በጆሮ

ሂንድ የዲፓርትመንት ምርጫዋን እስከ ሰኞ ማስገባት ነበረባት። ልቧ ያለው ኢኮኖሚክስ ላይ ነው። የሰፈሯ የበቾ ቦሬ ጎረቤቶች ግን ሳይጠየቁ መርጠውላታል፤ የቡና ነጋዴ ልጅ አካውንቲንግ ካልተማረች ማን ሊማር ነው ይላሉ። ምንም ያላለው አባቷ አብዱልሃዲ ብቻ ነው። በስልክ ስትጠይቀው "የወደድሽውን" ብሎ ወሬ ቀየረባት። ግድ ያልሰጠው መስሏት አዘነች።

ከጎን ዶርም የምትኖረው መቅደላዊት የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ቶሎ ሥራ የሚያስገኘው የቱ ነው እያልሽ ወሬ አትልቀሚ አለቻት። የሁለቱንም መጽሐፍ ክፈቺ፤ ደክሞሽ ሳለ እንኳ የቱን መልመጃ ሳትጨርሺ መተው እንደሚያቅትሽ እዪ። አካውንቲንግ በንባብ አይገባም፣ በየቀኑ በእጅ ይሠራል። ኢኮኖሚክስ ደግሞ ሒሳብ ይፈልጋል፤ ግራፍ የሸመደደ ሰው ፈተና ላይ መስመሩ ትንሽ ከዞረበት ይጠፋል።

"ደግሞ ቅጹን ስትሞዪ ከጀርባሽ ማን እንደቆመ ዞር ብለሽ እዪ" አለቻት። "እኔ ስሞላ አባቴ ነበር የቆመው።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ እሱ ተቀምጧል። ቆሜ የቀረሁት እኔ ነኝ።"

ሂንድ ሳቀች። ከእሷ ጀርባ ማንም አልነበረም፤ ያሳዘናትም ይኸው ነው።

ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ አባቷ መጋዘን ትገባ ነበር። ገበሬዎች ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና ይዘው ይመጣሉ። አባቷ አንድ እፍኝ ያነሣና ጆሮዋ ሥር ይነቀንቀዋል። በደንብ የደረቀ ጀንፈል ውስጡ ፍሬው ይንኳኳል፤ እርጥቡ ዝም ይላል። "ጎጌራ?" ይላታል በኦሮምኛ፣ ደርቋል? ከደረቀ "ጎጌራ" ትለዋለች፤ ካልደረቀ "ሂንጎግኔ"። ገበሬዎቹ ይስቃሉ፣ ሥራ እያስተማራት ነው ብለው። እሷም እንደዚያ ነበር የሚመስላት።

ዓርብ ዕለት አጎቷ ኸይሩ ደወለ። ሂንድ ዶርም ከገባች ወዲህ አባቷ የገዛው ቡና መጋዘን ውስጥ እየሻገተ መሆኑን፣ የላከውንም ገዢው እርጥበቱን በመሣሪያ ለክቶ እንደመለሰው ነገራት። መሣሪያ እኛም እንግዛ ብሎት ነበር። አባቷ ግን ገበሬን በማሽን መለካት ሌባ ነህ ማለት ነው ብሎ ተቆጣ።

ከዚያ ኸይሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባትሽ ቀጭን ድምፅ አይሰማም፣ ሂንዴ። ከፊቱ ቆመሽ ስታወሪው ነው እንጂ ጀርባውን ከሰጠሽ አይሰማሽም። የቆየ ነው መሰለኝ። ያን ጊዜ አንቺን ሲጠይቅሽ፣ ወላሂ፣ የምሩን ነበር የሚጠይቅሽ።"

ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑ ስትደርስ አባቷ ከደዶ የመጣ ገበሬ ፊት ቆሞ እፍኝ ጀንፈል በገዛ ጆሮው ሥር እየነቀነቀ ነበር። ነቀነቀ፤ ደግሞ ነቀነቀ። ከበሩ ላይ ሆና አዳመጠች። ቡናው ዝም ብሏል።

ሲያያት እጁ ቆመ። ጠጋ ብላ እንደ ድሮው ጆሮዋን ሰጠችው። እጁ ወደ እሷ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ መለሰው።

"መረጥሽ?" አላት።

"አካውንቲንግ። የቅዳሜና እሁዱን ፕሮግራም። ሌላውን ቀን እዚህ እሆናለሁ።"

አፏን እያየ ሰማት። ኸይሩ እንደነገራት ያኔ ገባው። እፍኙን ቀስ ብሎ ወደ ጆንያው መለሰና ወደ ገበሬው ዞረ።

"ወንድሜ፣ ቡናህን ሌላ ጋ ውሰድ። እኔ ጆሮዬ አይሰማም። ለሌሎቹም ንገርልኝ።"

ገበሬው አንገቱን ደፋ። ቡናው እንዳልደረቀ እሱም ሳያውቅ አልቀረም። አፉዋን፣ ይቅር በለኝ ጌታዬ አለና ጆንያውን ማሰር ጀመረ።

"አባ፣ እኔ እኮ..." አለች።

"ዩኒቨርሲቲ እንድትገቢ ዱዓ ያደረግሁት ጆሮ እንድትሆኚኝ አይደለም" አላት። "ኢኮኖሚክሱን ሙዪ። አካውንቲንግ ብለሽ ብትመጪ በሩን አልከፍትልሽም።"

ገበሬው ጆንያውን ተሸክሞ ወጣ። ከጆንያው አፍ ያመለጡ ጥቂት ጀንፈሎች መሬት ላይ ቀሩ። አባቷ ሚዛኑን በሸራ ይሸፍን ጀመር፤ ጠርዙን ሳብ፣ ሳብ እያደረገ፣ የተኛ ልጅ የሚያለብስ ይመስል።

ሂንድ ጎንበስ ብላ አንዷን ጀንፈል አነሣች። ጆሮዋ ሥር ነቀነቀቻት።

"ሂንጎግኔ፣ አባ" አለች።

ጀርባውን ሰጥቷት ነበር። አልሰማትም።