ሳይነበብ የተፈረመ

የኮምፒውተር ባለሙያው ጓዴ ትናንት የቢሯችን ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚባለውን አዲስ ሲስተም ጫነና ዛሬ በማለዳ ወደ አምበር ሄደ። እኔ እፀገነት፣ የዚህ የቢቸና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ገብቼ የገዛ ራሴን መልቀቂያ ልጽፍ ፋይል ስከፍት «ዲስኩ ሞልቷል» አለኝ።

ምናለ ዛሬን ብቻ ባይሆን! ወደ ሞጣ ለመዛወር ሦስት ዓመት ጠይቄ ሦስት ጊዜ ተከልክያለሁ። ባለቤቴና የአራት ዓመቷ ልጃችን እዚያ ናቸው። ዘንድሮ ክፍት ቦታ ተገኘ፣ የዝውውር ኮሚቴውም በመከራ ተስማማ። መልቀቂያው ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ሞጣ ካልደረሰ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የሚፈርሙት ኃላፊያችን አቶ ገብረ ሕይወት ደግሞ አምስት ሰዓት ላይ ለስብሰባ ማርቆስ ይሄዳሉ።

ለጓዴ ደወልኩ።

«የድሮው ሲስተም ትርፍራፊ ነው የሞላው» አለኝ። «አላስፈላጊውን የሚያጠፋውን ትእዛዝ ስጪው። መጀመሪያ ዝርዝሩን አሳይቶ ልቀጥል ወይ ይልሻል። ኧረ እባክሽ እፀ፣ ሳታነቢ አዎ እንዳትይ! የምትፈልጊው ካለ...» መስመሩ ተቋረጠ።

ዝርዝሩ መጣ፤ ስልሳ ምናምን ስም፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ሁለቱን አየሁና ትዕግሥቴ አለቀ። ማሽኑ ራሱ አያስፈልግም ካለ እኔ ምን አገባኝ? አዎ አልኩት።

ዲስኩ ቦታ አገኘ። መጻፍ ስጀምር ግን የፈረንጅ ፊደል ብቻ ወጣ። የአማርኛ መጻፊያው አብሮ ተጠርጓል። ለካ ከሌላ ፕሮግራም ጋር ተከትሎ የገባ ኖሮ፣ ጓዴ ያን ፕሮግራም ትናንት ሲያነሣው ማሽኑ መጻፊያውንም አላስፈላጊ ብሎ ዝርዝሩ ውስጥ ከቶታል። መልሼ እንዳልጭነው ኔትወርክ የለም። የጽሕፈት ሱቁ ዝግ ነው። በእጅ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ደግሞ የሠራተኛ ክፍሏ ወይዘሮ በዛብሽ ቢሞቱ ማኅተም አያሳርፉም። ራሴን በጥፊ ባጮል ደስ ባለኝ።

የድሮ ደብዳቤዎች ግን ተከፈቱ። ከእነሱ ላይ ቃል እየቆረጥኩ መለጠፍ ጀመርኩ። ስሜን፣ ሞጣን፣ ዝውውርን፣ ሁሉንም አንድ ላይ ያገኘሁት የት መሰላችሁ? በሦስቱ የክልከላ ደብዳቤዎቼ ውስጥ! ክልከላውን እየዘለልኩ፣ ከአንዱ ቃል ከሌላው ፊደል እየለቀምኩ፣ አንዲት አጭር ደብዳቤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀችብኝ። አምስት ጊዜ አነበብኳት። ከጠዋቱ ጥፋት በኋላ የገዛ ዓይኔን አላምነውም ነበር።

አትሜያት ሮጥኩና አቶ ገብረ ሕይወት ቦርሳቸውን ይዘው ሲወጡ በር ላይ ደረስኩባቸው። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፈረሙና እስክሪብቶውን መለሱልኝ። አንዲት መስመር አላነበቡም።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ሦስቱ ክልከላዎች ትዝ አሉኝ፤ ወይዘሮ በዛብሽ ሲያረቅቁ፣ እኔው እያለቀስኩ ስጽፍ፣ አቶ ገብረ ሕይወት እንዲሁ በቁማቸው ሲፈርሙ። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን በስልክ ያሳደግኩት በዚህች ፊርማ ነው።

«የፈረሙት ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«መልቀቂያ አይደል እንዴ?» አሉ ደረጃውን እየወረዱ። መኪናው ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «የማን ነው ግን?»

«የኔ!» አልኳቸው። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ስለነበር አልሰሙኝም።