እናትሽ ስኳር አለባት?

ለእርግዝና ክትትል ሄጄ ነርሷ ይህን ስትጠይቀኝ ላቪኒያ አጠገቤ ተቀምጣለች። "የለባትም" አልኩ። ላቪኒያ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ጡት እንደተውኩ ከወንድሟ ቤት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እዚህ ቫቫኡ ደሴት ላይ እህት የወንድሟን ልጅ ከጠየቀች እምቢ አይባልም። እማዬ የምለው እሷን ነው። እሷ ፊት ሌላ እናት መጥራት ጡት ነካሽ መሆን ነው፤ እኔ ብዙ ነገር ልባል እችላለሁ፣ እሱን ግን አልባልም።

የወለደችኝ ሜሊያሜ ከአጥራችን ማዶ ናት። አክስቴ እላታለሁ። አምና በስኳር ምክንያት እግሯ ተቆረጠ። ደሴታችን ላይ ስኳር ያልገባበት ቤት ፈልጉ ብትባሉ እግራችሁ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ማንም አልደነቀውም።

ነርሷ የመጀመሪያ ልጄ የት እንዳለ ጠየቀች። ሞቶ ተወለደ አልኳት። ያለ እንባ ነው የምናገረው፤ ከዚያ ወዲህ ውስጤ ደንዝዟል። ግዙፍ ልጅ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ የባላባት ልጅ ይመስላል እያለ አደነቀልኝ። ለሞተ ልጅ ግዝፈት ምን ይሠራል?

ላቪኒያ ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"እናቷ እኔ አይደለሁም" አለቻት ነርሷን። "ሜሊያሜ ናት። ስኳር አለባት። እኔ አሳዳጊ ነኝ።"

ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ሊያመኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ነርሷ ጣፋጭ ውኃ አጠጥታ አቆየችኝና ደሜን ወሰደች። ስኳሬ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዘር ሊመጣ ይችላል፣ በእርግዝና ጊዜ ብቅ ይላል፣ ሆድ ውስጥ ያለውን ልጅ ያገዝፋል፣ ሊገድለውም ይችላል፣ በጊዜ ከተያዘ ግን ልጁ ይተርፋል አለች። ባለፈው እርግዝናሽ ተመርምረሽ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቀጭን ነሽ፣ በዘርሽም የለም ብለው ሳይመረምሩ እንዳለፉኝ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ነርሷ ዓይኔን ማየት አልቻለችም።

ላቪኒያ መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። በራችን ላይ ስንደርስ፣ ሂጂና ንገሪያት ብላኝ ገባች።

ሜሊያሜ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጣለች። የተባልኩትን ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"አንቺን ሳረግዝ እኔም ነበረብኝ" አለች። "አንቺም ግዙፍ ነበርሽ። የዚያን ልጅ ነገር ገና ሆድሽ ሲገፋ ጠርጥሬ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ለላቪኒያ ሰጥቼሻለኋ። ከእኔ የወረሰችው ነው ብል ሰጥቶ መንሳት መሰለኝ። ሆዴ ይፍጀው አልኩ።"

ብትናገር ኖሮ ልጄ ዛሬ ይሮጥ ነበር። መጮህ ነበረብኝ፤ ጩኸቱ አልመጣም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ወደ ሆዴ ዘረጋች፣ ከዚያ ፈርታ መለሰችው። እጇን ያዝኩና ራሴ ሆዴ ላይ አደረግኩት። ልጁ ይራገጣል።

"የምታውቂውን ሁሉ አሁን ንገሪኝ" አልኳት።