ለድምፅ የሚሆን ካሜራ

ቻላቸው ያገለገለውን ሌንስ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ከኋላ በስልኩ ባትሪ አበራበት። አቧራ አለው፤ አቧራ ምንም አይደል። እሱ የሚፈራው ሻጋታ ነው። ሻጋታ መስተዋቱ ውስጥ አንዴ ከገባ ሥዕሉን ሁሉ ጭጋግ ያለብሰዋል። መካነ ኢየሱስ ከተማ ባለው ፎቶ ቤቱ እንዲህ የተበላሸ ሌንስ ዛሬ የበር ማስደገፊያ ሆኗል። ይኼኛው ግን አገላብጦ ቢያየው፣ ቢያየው ንጹሕ ነው። ሻጩ፣ ፂሙ የሸበተ ህንዳዊ፣ ይህስ ሥራውን ያውቃል በሚል ዓይነት አንገቱን ወዘወዘ።

«ዛሬ እንዲያው አይተን እንመለስ። ነገ ከነገ ወዲያ ትገዛለህ» አለ ሙሉቀን።

ጉድ እኮ ነው! ዱባይ ያልተገኘ ካሜራ የትም አይገኝም እያለ ቪዛውን የላከለት ይኸው ሙሉቀን፣ የአክስቱ ልጅ፣ ነበር። ሰሞኑን እንኳን ከሱቅ ሱቅ እየጎተተ፣ አዲሱንም ያገለገለውንም እያስነካ፣ ከሻጭ ጋር እየተሟገተ እግሩን ሲያቀጥነው ሰንብቷል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ምን እንደነካው እንጃ። እህል አልቀመሰም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ደጅ ወጥቶ ያነጋግራል። ለነገ ጠዋትም ከሥራ ፈቃድ ጠይቋል። ቻላቸው የሥራ ጣጣ መስሎት አልጠየቀውም።

ነገ የሚባል ነገር ደግሞ ለቻላቸው አይታየውም፤ ዐቢይ ጾም ደርሷል። ጋይንት ቤተ ልሔም ላይ ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁት አባቱ፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ ቪዲዮ ልቅረጽዎ ብሎ ዘመኑን ሁሉ ሲለምናቸው እምቢ ብለው ኖረው ዘንድሮ በገና ማግሥት ነው እሺ ያሉት። «ጾመ ድጓውን ከመነሻው እስከ መድረሻው እልልሃለሁ። አንተ ብቻ በደንብ የሚሰማ ዕቃ ይዘህ ና» አሉት። እውነታቸውን ነው። አንድ ጊዜ በስልኩ ቀድቶ ቢያሰማቸው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አደመጡና፣ «ይኼማ እኔ አይደለሁም፤ ጣሳ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው። አጥፋው» አሉ። አጠፋው። ምን ነበር ያን ቀን ባይታዘዝ! ተማሪዎቻቸው ዜማውን ያውቁታል፣ መጽሐፉም አለ። ያ ከደረት የሚነሣ ድምፅ ግን የሳቸው ብቻ ነው፤ እሱም ዘንድሮ እየሳሳ ሄዷል። ዘንድሮ ካልተቀዳ መቼም አይቀዳም።

ቻላቸውም በልጅነቱ ከተማሪዎቹ መካከል ተቀምጦ፣ ዜማውን ከአባቱ አፍ እየተቀበለ ቀጽሏል። አንዲት ቦታ ነበረች፣ ድምፁ ከላይ ተንከባሎ ወርዶ እንደገና የሚነሣባት፤ እዚያች ላይ ሁልጊዜ ይጠፋበታል። ሲጠፋበት ዝም ብሎ ይጠብቃል። አባቱ፣ በዚያ ሰዓት አባባ መሆናቸው ቀርቶ የኔታ ናቸው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ያርሙታል። ተቀብሎ ይቀጥላል። በማግሥቱ እዚያው ይጠፋበታል፤ እዚያው ያርሙታል። ኋላ ትምህርቱን ጥሎ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ሲሆን የኔታ አንድ ቃል አልተናገሩትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ሻጩ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ አዲስ ነው፤ ከካርቶኑ ሲወጣ ያብረቀርቃል፣ ሲይዙትም ይቀላል። ሌላው ያገለገለ ነው፤ እጅ የሚይዝበት ቦታ ቀለሙ ተልጧል፤ ማን ምን ሲያነሣበት እንደኖረ አይታወቅም።

«አዲሱ ዋስትና አለው ይልሃል» ሲል ሙሉቀን አስተረጎመ፣ ልቡ ሌላ ቦታ እንደሆነ እያስታወቀበት።

«ያገለገለው በጨለማ እንዴት ነው? መብራት በሌለበት፣ በጧፍ ብርሃን? ድምፅስ በውጭ ማይክ ይቀበላል?»

ሻጩ መልስ በመስጠት ፈንታ የሱቁን መብራት አጠፋና ካሜራውን ወደ ጥጉ አዞረው። ጥጉ ላይ የተንጠለጠሉት ማንገቻዎች አንድ በአንድ ታዩ። ቻላቸው ሳቀ። ጭስ የጠገበው የአባቱ ጎጆ፣ የጧፉ ብርሃን፣ ያ ጥምጥም በዓይኑ መጣበት። ይኼ ነው!

«ቆይ፣ ለአባባ ላሳያቸው» ብሎ ስልኩን አወጣ።

«ኧረ ተው! አሁን ኔትወርክ የለም እዚያ!» ሙሉቀን ሊነጥቀው ምንም አልቀረውም ነበር። ግን ጠርቷል። ታላቅ እህቱ ደጊቱ፣ አባቱን ይዛ የምትኖረው፣ ስልኩ ላይ ብቅ አለች።

«እታለም፣ እንዴት ዋላችሁ? አባባን እስቲ አቅርቢልኝ።»

«ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ድምፅዋ ሰልሏል። «አባባ... ተኝተዋል።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

«ደክሟቸው ነው። እኔም ጉንፋን ይዞኝ... አንተ ብቻ ዕቃህን ገዝተህ ቶሎ ና፣ ወንድምዓለም።»

ኔትወርኩ ተያዘና የደጊቱ መልክ ስልኩ ላይ ደርቆ ቀረ። ቻላቸው የደረቀ ምስል ሲያይ መመርመር ልማዱ ነው፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተቆረጠ። ዓይኗ አብጧል። ጉንፋን ይሆናል። ነጠላዋ... የነጠላዋ ጥለት ታች መሆን ሲገባው አንገቷ ሥር ዞሯል።

ያገሩ ሴት ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ የምትለብሰው ሐዘን ስትቀመጥ ነው።

አይ፣ የስልኩ ካሜራ ገልብጦት ነው አለ ለራሱ። የፊት ካሜራ እኮ ይገለብጣል፤ ስንቱ ደንበኛ ጠባሳዬን ወዲያ ማዶ አደረግህብኝ ብሎ ተጣልቶታል። ግን ምን ያደርጋል፣ የፊት ካሜራ ቢገለብጥ ግራውን ቀኝ ያደርጋል እንጂ የታቹን ላይ አያደርግም። ይህን ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ክው አለ። የሱቁን የመስተዋት ጠረጴዛ ያዘ። ቀና ብሎ ሙሉቀንን አየው። ሙሉቀን የሌንስ ክዳን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ይወለውላል፤ ቀና አይልም። ያን ጊዜ ሁሉም ግልጽ ሆነለት፤ አለመብላቱ፣ ደጅ የሚወጣበት ስልክ፣ ለነገ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ መጠየቁ። ነገ ማለዳ እዚህ ያሉት ያገር ልጆች ተሰብስበው ይመጣሉ። በሩ ይንኳኳል፤ ሽማግሌ የሚሆነው ይቀድማል፤ መርዶው እንደ ወጉ ይነገራል።

አልጠየቀውም። ቢጠይቀው ሙሉቀን ፊቱ ላይ መዋሸት አይችልም፤ ከዚያ በኋላ በሰው አገር ሱቅ ውስጥ ደረት መምታት ሊመጣ ነው። ደግሞም መርዶ ያልተነገረው ሰው ሐዘንተኛ አይባልም። እስከ ነገ ማለዳ ድረስ ቻላቸው አባት ያለው ሰው ነው፤ አባቱ የሚሰማ ዕቃ ግዛ ብለው ልከውታል። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ያገለገለውን እወስዳለሁ። መጀመሪያ ግን ድምፁን ልሞክረው በለው» አለ።

ሙሉቀን አስተረጎመ። ሻጩ ማይክ ሰክቶ፣ ማዳመጫውን በራሱ ጆሮ ላይ አድርጎ፣ ቁልፉን ተጫነ። ቀዩ መብራት በራ። ሰው ማይክ ሲሞክር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል፤ ሻጩም ያንኑ እየጠበቀ ፈገግ አለ።

ቻላቸው ዓይኑን ጨፍኖ ድጓውን አነሣ።

መጀመሪያ ድምፁ ጎረነነበት፤ ስንት ዘመን ሳይነካው! ከዚያ እየጠራ መጣ። የሻጩ ፈገግታ ጠፋ፤ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫን አደረገ። በር ላይ ዕቃ ሲያዩ የነበሩ ሰዎች ዞሩ። ካሜራው ላይ የድምፁ አረንጓዴ መስመር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ዜማው ተንከባሎ ወረደ፤ ሊነሣ ሲል ያችው ቦታ መጣች።

ጠፋበት።

እንደ ልጅነቱ ጠበቀ። አረንጓዴው መስመር ወርዶ ተኛ። ሙሉቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሻጩ ሙከራው ያለቀ መስሎት እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ቻላቸው ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ቀብ አድርጎ ያዘው።

«ቆይ፣ አትዝጋው» አለ በአማርኛ። «የኔታ ያርሙኛል።»