ጸጥ ያለው ጎማ

የክሊኒኩ ሾፌር በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኑ ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም። ያን ዕለት ጠዋት ግን የግዢ ኃላፊውን በር ሳያንኳኳ በርግዶ፣ ጎኑ የተተረተረ ጎማ እያንከባለለ አስገባና ጠረጴዛው ሥር ጣለው። ጭቃው ምንጣፉ ላይ ተፈናጠረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሊኒኩ ያለችው አንዲት ፒክአፕ ናት። ሥራዋ ከተራራው ጀርባ ካሉት መንደሮችና ከድንጋይ ካባው ሕመምተኛ ማምጣት ነው። መንገዱ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ስለታም ድንጋይና ዝናብ ሲነካው ሳሙና የሚሆን አፈር ነው። አሮጌዎቹ ጎማዎች ሲያልቁ ሾፌሩ ከጎሚስታው ጋር ተማክሮ የሚፈልገውን በወረቀት አስፍሮ ሰጠ። ለጭቃ ብቻ የተሠራው ባለ ትልልቅ ጥርሱ አይሁን፤ እርጥብ አስፋልት ላይ አይጨብጥም። የከተማውም አይሁን፤ ጎኑ ስስ ስለሆነ ድንጋይ ይበላዋል። ለሁሉም መንገድ የሚሆነው፣ ጎኑ ድርብ የሆነው ይገዛ።

የመጣው የከተማው ነበር።

ትናንት ካባው ውስጥ አንድ ድንጋይ ፈላጭ እግሩ ላይ አለት ተናደበት። ሾፌሩና ነርሷ ሰውየውን አሳፍረው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ የፊት ጎማው በጎኑ ተቀደደ። መጠባበቂያውን ስኮርታ አውርዶ ቀየረ። ሁለት ኩርባ ሳያልፉ የኋላው ተከተለ፤ ሌላ መቀየሪያ ደግሞ የለም። ነርሷ የሰውየውን እግር በሁለት እጇ ጨምቃ እንደያዘች፣ ሾፌሩ ኔትወርክ ፍለጋ ከኮረብታ ኮረብታ ሲሮጥ፣ የካባው መኪና እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ሄደ። ፈላጩ አልጮኸም። አንዴ ብቻ፣ “ደረስን እንዴ፣ ወንድሜ?” አለ። የሾፌሩን አንጀት የበላው ይኸው ነው። የሰውየው ነፍስ ተረፈች፤ እግሩ ግን ከቁርጭምጭሚቱ ተቆረጠ።

“ይሄን ጎማ ማን መረጠው?” አለ ሾፌሩ።

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ እየወለወለ አስረዳ። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ እሑድ እሑድ መኪናዋን ከተማ ይዘዋት ሲወጡ፣ የድሮው ጎማ ጩኸት ስልክ እንኳ አላናግር ብሏቸው ተማርረው ነበር። ስለዚህ ጸጥ ያለው ተመረጠ። ይህን ሁሉ የሚናገረው ስለ መጋረጃ ቀለም እንደሚያወራ ሰው ነው። የሾፌሩ ደም ፈላ።

“ደግሞስ፣” አለ ኃላፊው ሰነድ አውጥቶ፣ “አይተህ ተረክበሃል። ፊርማህ ይኸው።”

ፊርማው የእሱ ነው። ጎማዎቹ የተሳሳቱ መሆናቸውን ያኔውኑ አይቷል። ሰው አላስቀይም ብሎ አጉረምርሞ ፈረመ፤ ራሱ ገጠማቸው። የንዴቱ ግማሽ ወደ ገዛ ራሱ ዞረ፤ የቀረው ግን ቅንጣት አልበረደም።

“ፈርሜያለሁ፤ የእኔን ድርሻ እኔ እሸከማለሁ። የእርስዎን ግን አልሸከምልዎትም። ይነሡና ጎማው ለምን ጸጥ እንዳለ ለሰውየው ይንገሩት።”

ኃላፊው ስብሰባ አለብኝ አለ። ሾፌሩ ቁልፉን ሰነዱ ላይ አስቀምጦ፣ ትክክለኛው ጎማ ሳይገጠም መሪ እንደማይጨብጥ ነግሮት ወጣ። ነርሷም ከእሱ ጋር አበረች፤ እስከዚያው ሕመምተኞችን የካባው መኪና እንዲያመላልስ የካባውን ሰዎች ለምና አስፈቀደች።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው አኩርፎ ሾፌሩን ጎማ መደብር ወሰደው። ሾፌሩ እያንዳንዱን ጎን በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ የጥርሱን ጥልቀት ለካ፣ መጋዘን ውስጥ ከርሞ የደረቀ አንድ ጎማ መለሰ። ኃላፊው ይበቃል ሲለው ዞሮም አላየው።

ከዚያ ብቻውን ፈላጩ የተኛበት ክፍል ገባና የጎማውንም የፊርማውንም ነገር ሳይደብቅ ተናገረ። ፈላጩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“አንተስ መጥተህ ነገርከኝ፣” አለ። “ኃላፊው ካልመጣ እኔ እሄድለታለሁ።”

ከሁለት ወር በኋላ ሾፌሩ ራሱ ከቤቱ አመጣው። ፈላጩ በክራንች ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥቶ ኃላፊው ቢሮ ገባ። ብዙም አልቆየም።

“ቁጭ በል እንኳ አላለኝም፣” አለ ሲወጣ።

ሾፌሩ ደግፎ አሳፈረውና፣ መንገዱን ሙሉ ኃላፊውን እየሰደበ እቤቱ አደረሰው።