ጌጡ የተማረበት አውቶቡስ

«ውጤታቸውን ሳያዩ መሄዳቸው ነው የሚያንገበግበኝ» አለች አንዲት ሮሃ የማታውቃት ልጅ፣ ፍራሹ ላይ አጠገቧ እየተቀመጠች።

ሮሃ ቀና አለች። የአባቷ ለቅሶ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። የሐምሌ ዝናብ የእድሩን ድንኳን ይደበድበዋል፤ ወንዶቹ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ንፍሮ ይቆረጥማሉ።

«የምን ውጤት? የሆስፒታል?»

«አይ፣ የስምንተኛ ክፍል ነዋ!»

ሮሃ ልጅቷ ድንኳን የተሳሳተች መሰላት። በዚያ ሳምንት ቀጨኔ ውስጥ፣ ከቁልቁለቱ በታች ሌላም ለቅሶ ነበር።

«እህቴ፣ የማን ለቅሶ ብለሽ ነው የመጣሽው?»

«የጋሽ ጌጡ። የአውቶቡሱ ሾፌር። ሃዊ እባላለሁ፤ የክፍል ጓደኛቸው ነኝ።»

ልጅቷ ከሃያ ሁለት ዓመት አትበልጥም። ጌጡ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ሮሃ አባቷን ሯጭ እንደነበረ፣ ሾፌር እንደሆነና ብዙ እንደማያወራ ነበር የምታውቀው። ገና ልጅ ሳለ አንድ የሩጫ ክለብ ከአራተኛ ክፍል አውጥቶ ወሰደው። ማራቶን ሮጠ፣ ዋንጫም አመጣ። ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላው ጉልበቱ ተበላሸና ክለቡ አሰናበተው። ከሩጫ በቀር የሚያውቀው ሥራ አልነበረም። ሽሮ ሜዳ ጥጥ ተሸከመ፣ ዘበኛ ሆነ፣ በመጨረሻ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ የሌላ ክለብ አውቶቡስ ያዘ። በየማለዳው ሯጮቹን ከዊንጌት ጭኖ እንጦጦ ያወጣቸዋል፤ ልምምዳቸውን እስኪጨርሱ እዚያው ይጠብቃል።

ሮሃ በሌላ ክለብ መሮጥ ስትጀምር ደስ ብሎት ነበር። ከአሥረኛ ክፍል ስታቋርጥ ግን ሦስት ቀን እህል በቅጡ አልቀመሰም። ከአራት ዓመት በፊት፣ ሮሃ ውጭ አገር ሁለተኛ ወጥታ በተመለሰች ሳምንት፣ ራት ላይ እንደገና አነሳባት።

«ትምህርቱን ብትቀጥዪ ምን አለበት? እግር ነው እኮ። እግር ይከዳል።»

እሷም ድሉ ገና ከራሷ አልወረደም ነበርና፣ «አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ስለ ትምህርት ምን ያውቃል?» አለችው።

ጌጡ እጁን ታጥቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ነገር ትንፍሽ ብሎባት አያውቅም። ሮሃም ክርክሩን ያሸነፈች መስሏት ነበር።

አሁን ሃዊን በጥያቄ አጣደፈቻት። የት ነው የተማራችሁት? መቼ? ማን አስተማራችሁ?

«አውቶቡሱ ውስጥ ነዋ» አለች ሃዊ። «እኔ መሰናክል ሯጭ ነበርኩ። ጉልበቴን ተጎድቼ ሌሎቹ ሲሮጡ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ጋሽ ጌጡ ከመሪው ሥር የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ አወጡና፣ ‹ልጄ፣ ይቺን ቃል እንዴት ነው የምታነቢያት?› አሉኝ። እኔም በቅጡ አላውቃትም። ሁለታችንም ሳቅን። በቃ፣ እንደዚያ ነው የተጀመረው። ዘንድሮ በግል ተመዝግበው የስምንተኛን ፈተና ተፈተኑ።»

ከሰዓት በኋላ ሮሃ ሐዘኗን የረሳች እስኪመስል ድረስ ወደ ድንኳኑ የሚገባ የማታውቀውን ሰው ሁሉ እየተጠጋች «አባቴን የት ነው የምታውቀው?» ትላለች። አንድ ረጅም ሰውዬ አሥር ሺህ ሜትር ይሮጥ እንደነበረ፣ አሁን ላብራቶሪ ቴክኒሻን እንደሆነ ነገራት። «መጀመሪያ የጻፍኩትን ማመልከቻ ጋሽ ጌጡ ናቸው ሦስቴ ያስቀደዱኝ» አለና ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ።

ኤርሚያስ የሚባለው ደግሞ የሒሳብ መምህር ነው፤ ድሮ አንድ ሺህ አምስት መቶ ይሮጥ ነበር።

«እኔን ከትምህርት ቤት በር ላይ ነው የያዙኝ» አላት። «‹አንተ ሩጫውንም ትምህርቱንም ያየህ ሰው ነህ፤ ና እንጦጦ አብረን እንውጣ› አሉኝ። በሳምንት ሦስት ቀን እወጣለሁ። የተጎዱት ጠዋት ይማራሉ፣ ሌሎቹ ከልምምድ በኋላ። አሠልጣኙ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር። ጋሽ ጌጡ ጉልበታቸውን ገልጠው ጠባሳውን አሳዩትና፣ ‹ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ እኔን ጠይቀኝ› አሉት። ከዚያ ወዲህ ዝም አለ።»

ሮሃ እናቷ ጋ ሄደች። ንግሥት ጥቁር ነጠላዋን አገልድማ ድንኳኑ የተጠጋበትን የቤቱን ግድግዳ ተደግፋለች።

«እማዬ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምሎኝ ነዋ። ‹ስምንተኛን ካለፍኩ እኔው እነግራታለሁ፤ ያኔ የመናገር መብት ይኖረኛል› አለኝ።» ንግሥት ጨመረች፤ «አንቺ ላይ ቂም አልነበረውም። ‹እውነቷን ነው› ነበር የሚለው።»

ሮሃ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ባለፈው ሳምንት፣ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት፣ የክፍሏን በር አንኳኩቶ ነበር። ቋንጃዋ ከተጎዳ ሰባት ወሩ ነው፤ ሐኪሙም ተስፋ የሚሰጥ ነገር መናገር ትቷል። «ሰኞ ከእኔ ጋር እንጦጦ ውጪ፤ የማሳይሽ ነገር አለ» አላት። «እኔ እያነከስኩ ሌላው ሲሮጥ ልይልህ?» ብላ በሩን ዘጋችበት። ሰኞ ሄዶ ተመለሰ፤ አውቶቡሱን አቁሞ ወደ ቤት ሲወጣ ደረቱን ይዞ ወደቀ።

በሣልስቱ ጠዋት፣ ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው እንደወጡ፣ ኤርሚያስ ስልኩን በእጁ እንደያዘ እየሮጠ ወደ ድንኳኑ መጣ። በሩ ላይ ሰዉን ሲያይ አፈረና ቆመ። ከዚያ ንግሥት ፊት ተንበረከከ።

«እማማ፣ የት እንደምጀምር አላውቅም። ውጤት ተለቋል። ጋሽ ጌጡ... ስልሳ ስምንት አምጥተዋል። አልፈዋል።»

ንግሥት ስልኩን ተቀበለችው። ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች የባሏን ስም ሙሉውን አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ እልል አለች።

አንዲት ሴት ክንዷን ያዘቻት። የእድሩ ዳኛ አቶ ፀሐዬ ከአግዳሚው ተነሡ።

«እትዬ ንግሥት፣ ምን ነካዎት? ለቅሶ ላይ እኮ ነን!»

«ባሌ ስምንተኛ ክፍል አለፈ» አለች ንግሥት፣ እንባዋ እየወረደ። «ማን እልል ይበልለት?»

አቶ ፀሐዬ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። «እንግዲያማ ይገባዋል» አሉና ቁጭ አሉ። ንግሥት ደገመችው። አሁን ሃዊም አብራት እልል አለች፤ ከዚያ ሁሉም በአንድነት አለቀሱ። ከቀብሩ ዕለት ይልቅ ያን ጠዋት የበረታ ለቅሶ ሆነ። ሮሃ ከሦስት ቀን ወዲህ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ያኔ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ሮሃ ጥቁር እንደለበሰች ዊንጌት ላይ አውቶቡሱን ጠበቀች። የሚነዳው አዲስ ሾፌር ነበር። እንጦጦ ሲደርሱ ሯጮቹ በጭጋጉ ውስጥ ወደ ባሕር ዛፉ ገቡ። ጫማቸው ጭቃው ላይ ሲያርፍ ትሰማለች፤ ቋንጃዋ ወጋት። ከአምስት የተጎዱ ልጆች ጋር አውቶቡሱ ውስጥ ቀረች።

ኤርሚያስ ነጩን ሰሌዳ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ሰቅሎ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ጻፈ።

«እሺ፣ ማን ይሞክራል?»

ሁሉም በመስኮቱ በኩል ወዳለው ባዶ ሦስተኛ ወንበር አዩና ዓይናቸውን መለሱ።

«ጥያቄው ሳያልቅ እጃቸውን የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ» አለች ሃዊ በሹክሹክታ። «ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ግን እሳቸው ከተሳሳቱ በኋላ እኛም አንፈራም።»

ኤርሚያስ ጀርባውን እንደሰጠ ቆሞ ነበር። ማርከሩን ይከፍታል፣ ይከድናል።

ሮሃ ሰሌዳውን አየች። ቁጥሮቹን የምታውቃቸው ይመስላታል፤ ግን ከሰባት ዓመት በፊት የተለየቻቸው ናቸው። መልሱ አልመጣላትም።

እጇን አወጣች።